ከጣርማ በር በላይ ጠላ፣ ከጣርማ በር በታች ቡና፦ መንግሥታት መጠጥን ለምን ይከለክላሉ?



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ከኋላው ትቶ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢው ይነሳል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ላቡን እየጠረገ ነው። በዚያች ቁልቁለት የሚለወጠው አየሩ ብቻ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን መጠጡም አብሮ ይለወጥ ነበር። ደጋው የገብስ አገር ነው፤ ጠላው፣ ጠጁ፣ ስሙ የወጣለት የደብረ ብርሃን አረቄ ከዚያ ነው። ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ ግን ጀበናው ይቀድማል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን ከወጣቶቻችን ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ ነው። «መንግሥት አልኮልን ለምን ጨርሶ አይከለክልም? የከለከሉ አገሮች አሉ አይደል?» ይላሉ። አዎ፣ አሉ። ሙስሊም ያልሆኑ አገሮችም ጭምር ከልክለው ያውቃሉ። ለምን እንደከለከሉና ለምን እንደተዉት ስንመረምር ግን ያገኘነው መልስ ወጣቶቹ የሚጠብቁት ዓይነት አልሆነም። እስኪ ከራሳችን ደጅ እንጀምር።

ይፋትን የዐረብ ጸሐፊዎች «አውፋት» ይሉታል። በ1285 እ.ኤ.አ የመኽዙሚዎቹን የሸዋ ሱልጣኔት ጠቅልሎ የያዘው የዋላስማ ሥርወ መንግሥት መናገሻ ነበር። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ያጠኗቸው የኖራ፣ የአስበሪና የመሳል ፍርስራሾች፣ መስጊዶቻቸውና መቃብሮቻቸው የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የግብጹ ጸሐፊ አል-ዑመሪ ስለ አውፋት ሲጽፍ፣ መረጃውን ያገኘው ካይሮ ከነበሩት ከሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒይ ነው። ሕዝቡ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ መሆኑን ይነግረናል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው ግን አንድ ቅጠል ነው፦ ጫት። እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ልብን ያነቃቃል፣ የምግብና የሴት ፍላጎትን ያጠፋል ይላል። የየመኑ ንጉሥ አል-ሙአየድ ዳውድ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ከዱንያ ደስታ ምን ቀረ?» በሚል መንፈስ አልፈልገውም ብሎ እንደመለሰው ይተርካል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም የይፋቱ ሰብረዲን በ1332 እ.ኤ.አ ሲነሳ በንጉሡ ከተማ ጫት አስተክላለሁ ብሎ እንደዛተ ጽፏል። ልብ በሉልን፦ በዚያ ዘመን አገር መያዝ የሚገለጸው ምን እንደሚተከልና ምን እንደሚጠጣ በመናገር ነበር።

ይህ ነገር ከመቶዎች ዓመታት በኋላም አልጠፋም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ቆላውን የሚያስተዳድሩት የጥንቶቹ ሱልጣኖች ዘር የሚባሉት ወላስማ ሙሐመድ ነበሩ። የንጉሡ ዘመዶች የሚታሰሩበት የጎንቾ እስር ቤትም በእጃቸው ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ መጀመሪያ ወደ ሸዋ የመጡት እንግሊዞች፣ ሻለቃ ሃሪስም ሆነ በአልዩ አምባ ገበያ የተቀመጠው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን፣ አንድ ነገር አስተውለዋል። በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና መጠጣት በካህናት የተከለከለ ነበር። ምክንያቱ ጤና አልነበረም፣ ገንዘብም አልነበረም። ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ስለተባለ ብቻ ነው። በኋላም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ አጫሽንና ሱረት ሳቢን በከባድ የአካል ቅጣት እስከ መቅጣት ደርሰዋል። ቡና ነጻ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጠጡት፤ አቡነ ማቴዎስም የቀድሞውን አመለካከት በማስለወጥ ረዱ። ዛሬ ቡና የማይፈላበት የክርስቲያን ቤት ማግኘት ይከብዳል። የትናንቱ ክልከላ የት ገባ? አብሮት የነበረው ጥርጣሬ ሲላላ እሱም ላላ።

እዚህ ላይ የኛንም ማንሳት ተገቢ ነው። ኸምር በመዲና የተከለከለው በአንድ ጀምበር አልነበረም። መጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ (አል-በቀራህ 219)። ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ (አን-ኒሳእ 43)። በመጨረሻ ሙሉው ክልከላ ወረደ፤ ምክንያቱም አብሮ ተነገረ፦ በመካከላችሁ ጠላትነትንና ጥላቻን ይዘራል፣ ከአላህ ዝክርና ከሶላት ያዘናጋል (አል-ማኢዳህ 90-91)። ቡኻሪ በዘገቡት የአነስ (ረ.ዐ) ሐዲስ እንደምናውቀው፣ ጥሪው በተሰማበት ዕለት ኸምሩ በመዲና መንገዶች ፈሰሰ። ያፈሰሱት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ቤት ለቤት የዞረ ወታደር አልነበረም። ይህን እዚህ ያስቀመጥነው ቀጥለን ከምናየው ጋር እንድታነጻጽሩት ነው።

አሁን ወደ መንግሥታቱ እንለፍ። በጁላይ 1890 እ.ኤ.አ የአውሮፓ ኃያላን ብራስልስ ላይ ተሰብስበው አንድ ጠቅላላ ስምምነት ፈረሙ። ዋና ርእሱ የባሪያ ንግድ ነው። ስለ መጠጥ ግን የተለየ ምዕራፍ አለው። ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል፣ በሃይማኖት ምክንያትም ሆነ በሌላ የአረቄ ልማድ ባልገባባቸው አካባቢዎች፣ አረቄ ማስገባትም እዚያው ማውጣትም ይከልከል ይላል። ካርታውን ብንዘረጋ ይፋት ከነቆላው በዚህ መስመር ውስጥ ነው። ቆንጆ ቃል ነው፤ ሃይማኖታችንን እንኳ ያከበረ ይመስላል።

ከ18 ዓመት በኋላ ግን ምን ሆነ? በጥር 1900 ዓ.ም ፈረንሳይ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የክሎቡኮውስኪን ውል ተፈራረመች። በዚህ ውል ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ቀረጥ እንዳትጥል ታሰረች። ወይን፣ ሻምፓኝና ቢራን በመሳሰሉ መጠጦች ላይ ደግሞ ጣሪያው 8 በመቶ ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ ከጨርቁና ከሳሙናው ይልቅ የተወደደው ጠርሙሱ ነው! ሌሎቹም መንግሥታት በዚሁ ውል ተጠቀሙ። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ መንግሥት «መጠጥ ሕዝቤን እየጎዳ ነው፣ ቀረጥ ልጨምርበት» ቢል እንኳ እጁ የታሰረ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን ጠርሙስ ማስወደድ የሚቻለው በፓሪስ ፈቃድ ነው ማለት ነው። ስለ ዓድዋ ብዙ እንናገራለን፤ ስለዚህ ውል ግን እምብዛም አናነሳም። ማንሳት ነበረብን።

ታዲያ ጨርሰው የከለከሉትስ? በጣም የሚታወቀው አሜሪካ ነው። ከጃንዋሪ 1920 ጀምሮ መጠጥ መሥራትም መሸጥም በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተከለከለ። ብዙ ሰው ይህን የቄሶችና የሴቶች ማኅበራት ሥራ አድርጎ ያስበዋል። እውነት ነው፣ ታግለዋል፤ ባሎቻቸው ደመወዛቸውን መሸታ ቤት ጨርሰው የሚመጡባቸው ሴቶች ከ1870ዎቹ ጀምሮ ተደራጅተው ነበር። በ1893 የተመሠረተው የፀረ መሸታ ቤት ማኅበርም ምክር ቤቶችን አንድ በአንድ እየረታ ሄደ። ግን አርባ ዓመት የታገሉበት ጉዳይ በድንገት የተሳካው ለምንድን ነው?

አንደኛው መልስ ያለው በ1913 እ.ኤ.አ ነው። ከዚያ በፊት ከፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ሲሶ ገደማ የሚሆነው ከመጠጥ ግብር ይመጣ ነበር። ሲሶ ገቢውን የሚያጣ መንግሥት ምን አድርጎ ይከለክላል? በ1913 የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ሲፈቀድ ግን ካዝናው ሌላ ምንጭ አገኘ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ትልልቆቹ የቢራ ፋብሪካዎች ባለቤቶች የጀርመን ዘሮች ነበሩ፤ አሜሪካ ጀርመንን በ1917 ስትወጋ ቢራ መጠጣት የጠላት ወገን እንደመሆን ተቆጠረ። እህሉም ለወታደር ዳቦ ይፈለግ ነበር። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ሕጉ አለፈ። ከ13 ዓመት በኋላ ኢኮኖሚው ወድቆ መንግሥት ግብር ሲቸግረው፣ በዲሴምበር 1933 ያው ሕግ ተሻረ። በመካከል ያለው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ኮንትሮባንዱ፣ የወንበዴዎቹ ሀብት፣ የተመረዘ የፋብሪካ አልኮል ጠጥቶ የሞተው ድሃ። ሀብታሙ አስቀድሞ ምድር ቤቱን በወይን ሞልቶ ነበር፤ በቤት ያከማቹትን መጠጣት ሕጉ አልከለከለምና።

የሩሲያው ዛር በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ቮድካ ሲከለክል ግን የመንግሥቱን ገቢ ሩብ ያህል በገዛ እጁ ቆረጠ። ወታደሩ በሰዓቱ ይክተትልኝ ብሎ ነው። ጦርነት እየተዋጉ ካዝና ማራቆት ምን እንደሚያስከትል ሦስት ዓመት ሳይሞላ ታየ፤ እርግጥ ዛሩን የጣለው ይህ ብቻ አይደለም።

በሙስሊሙ ዓለምም ቢሆን ነገሩ እንደምናስበው አይደለም። የቱርክ ብሔራዊ ምክር ቤት በሴፕቴምበር 1920 አንካራ ላይ መጠጥ የከለከለው፣ የትራብዞኑ እንደራሴ አሊ ሹክሩ ባቀረቡት ሐሳብ ነው። ዲኑ ተጠቅሷል፤ የጦርነቱ ጊዜ ድህነትም ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ ሕጉ ላላ፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ራሱ የመጠጥ ብቸኛ ሻጭ ሆኖ ተቀመጠ። ሳዑዲ ዓረቢያም ለውጭ ዜጎች ጭምር አጥብቃ የዘጋችው በ1952 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ልጅ ጂዳ ላይ በመጠጥ ግብዣ የተነሳ የእንግሊዝን ምክትል ቆንስል ተኩሶ ገድሎ ነበር። አባትየው ያዘነውም ያፈረውም ያኔ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም ተመሠረተ። ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት ለረጅም ዘመን የቢራ ጠማቂ ሆኖ ኖረ። ይህን ስንል የሐረሩ ፋብሪካ እንደኛ ላሉት ደንበኞች አልኮል የሌለበት ሶፊ ማውጣቱን ሳንረሳ ነው። ሽያጩ የጀመረው በ1990 ዓ.ም ገደማ ሲሆን የፈረንሳዩ ካስቴል ቅዱስ ጊዮርጊስን በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2011 እ.ኤ.አ የሆላንዱ ሄኒከን በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። ሐበሻ፣ ዋልያ፣ ራያ፣ ዘቢዳር እያለ ገበያው ሞላ። ውድድሩ ሲከር ማስታወቂያው ከፍ አለ። ያን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ቢራ ነው፣ የበዓል መልካም ምኞት የሚያቀርበው ቢራ ነው፣ የኳስ ክለቡ ስም እንኳ ቢራ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ጠርሙስ ሳይገባ ዘፈኑ ገባ። ልጆቻችን ከመንዙማው በፊት የቢራውን ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር።

ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን አጸደቀ። ከግንቦት 21 ቀን ጀምሮ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወረደ። በዓላትንና የስፖርት ውድድሮችን ስፖንሰር ማድረግ፣ ለመጠጥ ዕጣና ሽልማት ማዘጋጀት ተከለከለ። የሚሸጥለት ሰው ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ከፍ አለ። የተሰጠው ምክንያት ጤና ነው፤ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መስፋፋት፣ የትራፊክ አደጋ፣ የወጣቱ ነገር። ጣቢያዎች ትልቅ ገቢ ቀረብን ብለው ጮኹ፤ የተዘጉ ፕሮግራሞችም ነበሩ።

እኛ ምክንያቶቹን እናምናለን። ግን «ለምን ያኔ?» የሚለውን ጥያቄ አይመልሱም። ጉበት የሚያቃጥለው መጠጥ በ1980ዎቹም ያቃጥል ነበር። ያኔ ግን ጠማቂው መንግሥት ነው። በ2011 ዓ.ም አዋጁ ሲወጣ መንግሥት ፋብሪካዎቹን ሸጦ ጨርሷል።

ይህን ግምት የሚያጠናክርልን ነገር እዚሁ ሸዋ ሮቢት አጠገብ አለ፦ የትምባሆ እርሻው። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ቅጠል ከሚያመርትባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ቆላ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በቀን ሥራ ኖሮበታል። መንግሥት የድርጅቱን ድርሻ በ2016ና በ2017 እ.ኤ.አ በሁለት ዙር ለጃፓን ትምባሆ ሸጠ፤ ከ940 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘበት፤ ጃፓኖቹም ከ70 በመቶ በላይ ያዙ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ያው አዋጅ 1112 በሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ የፓኬቱን 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ አስሸፈነ። ጠማቂውም አጫሹም ሌላ ሲሆን መንግሥት ሐኪም መሆን ይቀለዋል። መጥፎ ሕግ ነው ማለታችን አይደለም፤ በጣም ጥሩ ሕግ ነው፤ አላህ ይጨምርበት። ማስታወቂያውን ዘጋ፣ ጠርሙሱን ግን አልነካም። የኤክሳይዝ ታክሱ ዛሬም ከየጠርሙሱ ይሰበሰባልና ቶሎ የሚነካውም አይመስለንም። ጨርሶ ይከልከል የምትሉ ወጣቶች የአሜሪካን 1913 እዚህ ላይ አስታውሱ።

ሕጉ የማይደርስበትም ብዙ ነው። በየጓዳው የሚጠመቀው ጠላ፣ በየጓሮው የሚወጣው አረቄ ማስታወቂያም ዕጣም አያውቅም። ሸዋ ሮቢት ደግሞ የመንገድ ከተማ ናት፤ ከባድ መኪናው ያድርባታል፣ ሾፌሩ ይበላባታል፣ ይጠጣባታል። 21 ዓመት ሞልቶሃል ወይ ብሎ መታወቂያ የጠየቀ አስተናጋጅ እስካሁን አላየንም። ይህ ወላጆች፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ አብረን ቀበሌ ሄደን ልንጠይቀው የምንችለው ነገር ነው፤ አዲስ አዋጅ አይፈልግም፤ የወጣው ይከበር ማለት ብቻ ነው።

ስለራሳችንም እንናገር እንጂ። አልኮል አንነካም እያልን ከዙሁር እስከ መግሪብ በርጫ ላይ የምንቀመጥ ስንት ነን? አል-ዑመሪ የጻፈው ቅጠል ዛሬ የልጆቻችንን የትምህርት ሰዓትና የአባቶችን የአስቤዛ ብር ይበላል። አዋጁ ስለ እሱ አንዲት ቃል የለውም፤ ገቢ ያስገኛላ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስናነሳ ይከፋቸዋል፤ ይቅርታ፣ መዝነን ካየነው አይቀር ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ነው።

በይፋት ቆላ ከዐፄ ዐምደ ጽዮን እስከ ዛሬ ስንት መንግሥት አለፈ። ሙስሊሙ እንዳይጠጣ የከለከለ አዋጅ ከአዲስ አበባም ከአንኮበርም ወጥቶ አያውቅም፤ ቤተ መንግሥቱ ጠጅ ቤት ነበረው። ግን አያቶቻችን አልጠጡም። ደጋ ወርደው ወጥተው፣ ገበያ ውለው፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ተጋብዘው አልጠጡም። ጎረቤቱም ያውቃል። ሠርግ ሲደግስ ከጠላው ጋን ራቅ አድርጎ፣ በሌላ ማሰሮ ብርዝና ቀሪቦ ያስቀምጣል፤ «ይሄ የእናንተ ነው» ይላል። ያንን ማሰሮ ያስቀመጠው የየትኛው መንግሥት ሕግ ነው? ባለፈው ሰሞን አንድ ሠርግ ላይ ተጠርተን ሄድን። ማሰሮው በቦታው ነበር። እናቶችና አባቶች ቀዱ። ልጆቻችን ግን ከአዳራሹ ውጭ ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበር፤ ምን እንደያዙ ከሩቅ አልታየንም። ሄደን አየን፤ ለስላሳ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ወላሁ አዕለም።